ቢሳሳትስ ማን ይከፍላል?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ይህን ጠብ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ስለሚያንገበግብ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንያያዘው አየሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ናት፤ ደሴ 2,500ን ትጠጋለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከሸሚዝ ወደ ጋቢ ይኬዳል። ግማሽ ላይ ስንደርስ አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትጠመጥምና "ኧረ ዝጉልን፣ ብርድ ሊመታን ነው!" ትላለች። መስኮቱ አንድ በአንድ ይዘጋል። ከኋላ ወንበር የሆነ ሰው ያስላል። ማንም ዞሮ አያየውም። ሁሉም የሚያየው ጣት የምታስገባ ያህል ተከፍታ የቀረችውን የኔን መስኮት ነው።

እኔ መስኮት ከፋች ነኝ። በዚህ ምክንያት ስድብ ጠግቤያለሁ። "ፈረንጅ ነህ እንዴ?" ያለኝም አለ።

ሀቁ ይሄ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን (የቲቢን) ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲዘፍን ጀርሙ ይወጣል፤ አየር በማይንቀሳቀስበት ዝግ ቦታ ደግሞ ተንሳፎ ይቆያል። መስኮት ሲከፈት ይሳሳል። ጉንፋንም ቢሆን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ይህን መኪናው ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ትምህርት ቤት ተምሮታል። ፈተና ላይ ተጠይቆ በትክክል መልሶ ማርክ ያገኘበትም አለ። ሐረጎ ላይ ሲደርስ ግን የሚያምነው አያቱን ነው።

አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለኔ ግን አይመስለኝም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ንፋሱ አንገትን ሲነካ ይሰማል፤ ማታ ጉሮሮ ከከረከረ ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል፣ መስኮቱ ነው። ቲቢ ግን ሲገባ አያንኳኳም። ሳሉ የሚጀምረው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ የትኛው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከማን አጠገብ ተቀምጦ እንደያዘው ማን ያስታውሳል? ቶሎ የሚቀጣውን እንፈራለን፤ ቆይቶ የሚመጣውን ለመጽሐፍ እንተወዋለን።

የተማረ ሰው ከዚህ ነፃ ነው የሚል ካለ ደግሞ ወደ አንዱ የግል ክሊኒክ ጎራ ይበል። ደሴ ብቻ አይደለም፣ የትም ከተማ ያው ነው። ትኩሳት ቢጤ ጀመረህ፣ መገጣጠሚያህን ቆረጣጠመህ፣ ደም ሰጠህ። ትንሽ ቆይተህ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዘህ ትወጣለህ። ታይፎይድና ታይፈስ። ሁለቱም፣ በአንድ ጊዜ። ከማውቃቸው ሰዎች መካከል እስከ ዛሬ ታይፎይድ ያልተባለ አለ ብዬ አላምንም።

የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ በፈረንሳዊው ሐኪም ስም የተጠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። የታይፈሱ ዌል ፊሊክስ የ1916 ነው። ሁለቱም ጀርሙን ራሱን አያዩትም። የሚያዩት ሰውነታችን ለጀርሙ መከላከያ ያመረተውን ነገር ነው። ታይፎይድ በተለመደበት አገር ይሄ መከላከያ ድሮ ከያዘን በሽታ የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ከክትባት ሊመጣ ይችላል፤ ሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያም ሊያስነሳው ይችላል። ስለዚህ አንዴ በተሰጠ ደም ብቻ 1፡160 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ አያስተማምንም። የተሻለው ደሙን ካልቸር ማድረግ፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደሙ አሳድጎ ማየት ነው። እሱ ቀናት ይፈጃል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም።

ይህን የሚያውቅ ሐኪም ምን ያድርግ? አንዱን ጠይቄው ነበር። "ቫይረስ ነው፣ እረፍት አድርግ፣ ፈሳሽ ጠጣ ስለው ያኮርፈኛል" አለኝ። "ሌላ ቦታ ሄዶ ሲፕሮ የሚሉትን አንቲባዮቲክ አስጽፎ፣ እኔን በሰፈሩ አያውቅም ብሎ ያስወራብኛል።" እውነቱን ነው። ምንም የለብህም ስንባል ብራችን የተበላ ይመስለናል። መርፌ ከሆነማ ይበልጥ እንረካለን። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ይሻለናል። ቫይረሱ በራሱ ጊዜ ሊለቀን ነበር፤ ምስጋናው ግን ለሲፕሮው ይሄዳል። መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ ነገ የማንን ልጅ እንደሚያገኝ አናይም፤ ስለማናይም አይቆጨንም። ያቺ ወረቀት ማኅተም አላት፣ ቁጥር አላት። እንደ ክታብ ኪሳችን ውስጥ እንይዛታለን።

እናም መስኮት በሚያዘጋው ሰው ላይ ስስቅ ትንሽ እጠነቀቃለሁ።

አክስቴ ቁጥር የሚባል ነገር አያሳምናትም። ግፊቷን መጀመሪያ የለካቻት ነርስ ደንግጣ ደግማ ለካችው። 140 በ90 ከደረሰ ከፍ ብሏል ይባላል፤ የሷ ከዚያ በብዙ ያልፍ ነበር። አክስቴ ግን ደህና ናት። ራሷን አያማት፣ አያዞራት፣ ሰኞ ገበያ ወርዳ ዘንቢሏን ሞልታ ትመለሳለች። "ሳያመኝ ልታመም ነው እንዴ?" አለችኝ።

የደም ግፊት ክፋቱ ይሄው ነው። ድምፅ የለውም። ልብን፣ ኩላሊትን፣ የአንጎልን ደም ሥር እያዳከመ ዓመታት ይቀመጣል። መድኃኒቱም ቢሆን አክስቴን የሚያሳምን ነገር የለውም። ስትውጠው ምንም አይሰማትም፣ ስታቆመውም ምንም አይሰማትም። ጸበሉ ግን ይሰማታል። ሌሊት ተነስታ፣ በባዶ ሆዷ፣ የደሴን ብርድ ችላ፣ ከሰፈር ሴቶች ጋር ተሰልፋ ጠጥታ ስትመለስ ፊቷ ይበራል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ክኒን ውጦ ፊቱ የበራ ሰው ግን አላየሁም።

እኛ የቤቱ የተማርን ልጆች ዘመቻ ከፈትንባት። አንዱ የዩቲዩብ ቪዲዮ ያሳያታል። አንዷ ስትሮክ መትቷት አልጋ ላይ የቀረችውን የሩቅ ዘመድ ታነሳባታለች። አክስቴ ሁሉንም በትሕትና ትሰማና "እግዜር ያለው አይቀርም" ትላለች። ክኒኑ በፌስታል ሆኖ ከመቁጠሪያዋ ጋር አንድ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። መቁጠሪያው በየቀኑ ይወርዳል። ፌስታሉ አይነካም።

አንድ ቀን የቀጠሮዋ ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። ፌስታሉን ተቀብላ ከፈተችው፤ ክኒኑ እንዳለ ነው። የሚመጣውን ቁጣ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም።

"እማማ፣ ጸበል ይጠጣሉ አይደል?"

"እጠጣለሁ እንጂ፣ ልጄ።"

"ክኒኑን የሚወስዱት ከጸበሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

አክስቴ ዝም አለች። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበራትም። ትወስጃለሽ ወይ ብላ የጠየቃት ሰው ቢሆን ኖሮ እግዜር ያለው አይቀርም ብላ ትገላገለው ነበር።

"እንግዲያው በጸበሉ ይዋጡት" አለች ነርሷ፣ መዝገቡ ላይ እየጻፈች።

በቃ። ስንወጣ አክስቴ የተናገረችው ነገር ቢኖር "ጨዋ ልጅ ናት" የሚል ብቻ ነው። ፌስታሉ ከዚያ ወዲህ መጉደል ጀመረ።

ይሄ የአንዲት ነርስ ብልሃት ብቻ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ሰሞን ክኒኑን ትቶ ጸበል የሚገባ ሰው ብዙ ነበር። ኋላ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናገሩ። ለስንቱ ቤት መፍትሔ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ደግሞስ የኛ ሰው ድሮም ቢሆን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ባይ ነው። አንዱን ባላ ንቀል ስትለው ነው የሚጣላህ።

የጨው ነገር ግን ሌላ ነው። በኛ ቤት ቡና በጨው ነው የሚጠጣው፤ ስኳር ለእንግዳ ነው። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ብሏታል። አክስቴ አሁን አቦሉን ያለ ጨው፣ ቶናውን በጨው ትጠጣለች። በረካው እንደ ዕለቱ ነው። ይሄ ስምምነት ከማን ጋር እንደተፈረመ አላውቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጎረቤታችን ነው። ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ አለው። ረመዳን ሲቃረብ ቤቱ ይጨነቃል። ሐኪሙ አትጹም ብሎታል። ስኳር ያለበት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጾም ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ማታ ከበላ በኋላ ደግሞ ሊተኮስበት ይችላል። ሸሁም አትጹም ብለውታል። ቁርኣኑ በሱረቱል በቀራ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ፣ መጾም የማይችል ደግሞ ምስኪን አብልቶ ፊድያ እንዲከፍል ፈቅዷል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ጋ ሳይንስና ሃይማኖት አልተጣሉም። ሁለቱም በአንድ ቃል አትጹም ብለዋል። ሰውየው ግን ይጾማል።

አንድ አመሻሽ ላይ ከሱቁ በራፍ ቁጭ ብለን ነበር። መግሪብ ሊደርስ ነው። ማዶ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ ዘይቷን አሙቃለች፤ ልጆች የሾርባ ዕቃ ይዘው ይሯሯጣሉ። ወንዱ ሁሉ በእጁ ፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይፈጥናል።

"ጋሼ፣ ሸሁም ፈቅደውልዎት የለ? ለምን ይጾማሉ?" አልኩት።

"ማብላቱንማ አበላለሁ" አለኝ። "ግን እኔ ከማን ጋር ላፍጥር?"

መልስ አጣሁ። ቀኑን ሙሉ ሲበላ የዋለ ሰው መግሪብ ላይ ተምር ቢያነሳ ያው ተምር ነው። የሚስቱ ሾርባ ያው ሾርባ ነው። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው አዛኑን ሲጠብቁ እሱ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሐኪሙ የነገረው ስለ ስኳሩ ነው። ሸሁ የነገሩት ስለ ወንጀልና ምንዳ ነው። ከማን ጋር እንደሚያፈጥር የነገረው የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙውን ጊዜ እምነት ብለን የምንጠራው ነገር ውስጡ ሲከፈት የሚገኘው ይሄ ነው። ስለ ዓለም አሠራር የያዝነው ሐሳብ ሳይሆን ከማን ጋር እንደቆምን ነው። ስለዚህ መረጃ ስንደራርብበት የማይነቃነቀው ሰው አልገባውም ማለት አይደለም። ገብቶታል። አብረውት የሚቀመጡትን ሰዎች ሊያጣ ነው የፈራው።

የተገኘው መላ ቀላል ነበር። ሸሁ ስኳር ለመለካት ጣት መወጋት ጾም አይፈታም አሉት። ሐኪሙ የኢንሱሊኑን መጠንና ሰዓት አስተካከለለት፤ ቁጥርም ሰጠው። ስኳርህ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ወዲያው ታፈጥራለህ። ሸሁ ደግሞ በዚያ ላይ ጨመሩበት። ያኔ አላፈጥርም ካልክ ወንጀሉ ባንተ ነው አሉት። ሐኪሙ አሁንም ባይጾም ይመርጣል፤ እኔም ብሆን እንደዚያው። ግን ቢያንስ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ቁጥር ላይ ተስማምተዋል። በዚያው ረመዳን አንድ ቀን፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ላብ ላብ አለው። ትልቁ ልጁ ጣቱን ወጋው። 62። ጭማቂ አቀበለው። ሰውየው ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ፤ አልተከራከረም። ማታ ከሁሉም ጋር ማዕድ ላይ ነበር።

ለሀቅ ጥብቅና ስቆም ግን አጎቴ ትዝ ይለኛል። መርሳ አካባቢ ገበሬ ነው። ማሽላና ጤፍ ይዘራል። ልጁ ደሴ ይሠራል፤ የእህል ዋጋ በስልክ ይነግረዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራው ሲገባ እህል ይረክሳል። ሐምሌና ነሐሴ ይወደዳል። ማሽላ ጎተራ ውስጥ ሲቆይ ነቀዝ ይቦረቡረዋል። ሒሳቡን ልጅም ይሠራዋል፤ ክረምት ላይ ዋጋው ሲናር ሸጦ ብሩን ባንክ ማስገባት ነው። አጎቴ ግን የመጪውን ዓመት እሸት በዓይኑ ሳያይ የመጨረሻዋን ጎተራ አይነካም።

"አባ፣ ነቀዝ ሊበላው ነው እኮ" ይለዋል ልጁ።

"ይብላ። ብር አይቆረጠምም።"

አጎቴ 77ን ያየው ጎልማሳ ሆኖ ነው። በሬ ሸጦ ቁና እህል ያላገኘ ጎረቤት ቀብሯል። ከዚያ በፊት የነበረውን የ1965 እና 66ን ረሃብ ደግሞ ልጅ ሆኖ አይቶታል። ያንን የፊተኛውን ያጠናው ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ አማርትያ ሴን ነው። እሱ እንዳለው በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም። የወደቀው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም ነው። ሰብሉም ከብቱም ሲያልቅበት የሚገዛበት አጣ። ሰው እየራበው ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ የተጫነ እህልም ነበር። እህል ብር ወዳለበት ይሄዳል።

አጎቴ ስለ ሴን ሰምቶ አያውቅም። ሴን በጥናት የደረሰበትን ግን በሆዱ ያውቀዋል። የልጁ ሒሳብ ለደህና ዓመት ትክክል ነው፤ የአባቱ ሒሳብ የተሠራው ለክፉ ዓመት ነው። ግትርነት የመሰለን ነገር አንዳንዴ የቆየ ሀቅ ነው፤ ማስረጃው ሞቶ የተቀበረ ስለሆነ ብቻ የማይታየን። አሁን ልጁ አየር የማያስገባ፣ ሁለት ሦስት ሽፋን ያለው የእህል ከረጢት አምጥቶለታል። ነቀዙ ይታፈናል፣ እህሉ ቤት ይቆያል። አጎቴ ደስ ብሎት ተቀበለው። ሽጥ አላለውም እኮ።

እዚህ ላይ ስደርስ ነው አንድ ጥያቄ በጭንቅላቴ ውስጥ የተቀመጠው። ማን ትክክል ነው የሚለው አይደለም። ሰውየው ቢሳሳት የሚከፍለው ማነው?

አጎቴ ቢሳሳት የሚከፍለው እሱ ነው። ጥቂት ብር ይቀርበታል፣ ነቀዝ ይመገብለታል። ይተውት። አክስቴ ብትሳሳት በዋናነት የምትከፍለው እሷ ናት፤ ግን አልጋ ብትይዝ የምታስታምማት ልጇ ሥራዋን ትታ ነው። ስለዚህ ልጇ የመናገር መብት አላት ባይ ነኝ፣ የመቆጣት ባይሆንም። ጎረቤታችንም እንደዚያው ነው፤ ጣቱን የሚወጋው ልጁ ከሆነ ልጁም ድምፅ አለው። መኪናው ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መስኮቱን ያዘጋችው ሴትዮ ብትሳሳት የምትከፍለው እሷ ብቻ አይደለችም። ከኋላ ያለችው ነፍሰ ጡር፣ ኤችአይቪ ያለበት ተማሪ፣ የታቀፈ ሕፃን ይከፍላሉ። አልተጠየቁም። ስለዚህ ሐረጎ ላይ እኔ ትሑት አይደለሁም። አክስቴን በጸበሏ የምተዋትን ያህል መስኮቱን አልተውም። ሳሎን ውስጥ የሚቻቻል ሰው ሚኒባስ ውስጥ ሊጣላ ይችላል፤ ተቃርኖ አይመስለኝም።

ሀቅ ጭራሽ የማይገኝበት ቀንም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ በር ሲደርስ የተጣራ ነገር በእጁ የነበረ ሰው አልነበረም። ያለው ወሬ ነው። ኩታበር ደርሰዋል ይባላል፤ የለም፣ ተመልሰዋል ይባላል። አንዱ ጎረቤት ሕልም አይቶ ሌሊቱን ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ሌላው አልጋ የያዙ እናቱን ትቶ መሄድ ስላልሆነለት ቀረ። በሁለቱም ላይ የመፍረድ አፍ የለኝም። መረጃ በሌለበት ቀን በሕልም መውጣትና መረጃው በእጅ ስልክ ላይ እያለ በወሬ መሄድ ግን አንድ አይደሉም። በሰላሙም ቀን በዚያን ቀን አመል የምንኖር ብዙ ነን።

ጥያቄዬ በደንብ የተፈተነው በቅርቡ እህቴ ስትወልድ ነው። ባሏ ሙስሊም ነው። ወሎ ላይ ይሄ ወሬ አይሆንም። ሁለቱ አያቶች በሃይማኖት ሁለት ናቸው፤ አንዷ በእመቤታችን ስም ታማትበዋለች፣ ሌላዋ ዱዓ ታደርግለታለች። በቅቤ ግን አንድ ናቸው። ሕፃን በተወለደ በቀናት ውስጥ ለጋ ቅቤ ካልላሰ አንጀቱ ይደርቃል፣ ድምፁም አያምርም። ሁለቱም በአሥር ጣታቸው ይፈርማሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ እንጥል ነው። ሕፃኑ ጡት እምቢ ባለ ቀን አማቷ "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አዋቂ ይቁረጥለት" አለች። ቀልድ አልነበረም። እሷ በወጣትነቷ ጉሮሮው አብጦ የሞተባት ልጅ አላት። ለሷ ያልተቆረጠ እንጥል ማለት ያ ሕፃን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በቪዲዮ አታሳምነውም። ግን እዚህ ጋ የሚከፍለው ማነው? አፉን ያልፈታ ልጅ። እንጥል በምላጭ ሲቆረጥ ደም አላቆም ሊል ይችላል፤ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል፤ በምላጩ ቴታነስም ኤችአይቪም ሊገባ ይችላል። ጥቅሙ ደግሞ ምንም። እህቴ፣ ያቺ ዝምተኛዋ እህቴ፣ "ምላጭ እዚህ ቤት አይገባም" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። አፍንጫው ተደፍኖ ነው፤ በአፉ ሲተነፍስ መጥባት አቅቶት። አማቷ አብራ ሄዳ ነበር፤ ሙሉ መንገዱን ዱዓ እያደረገች። እህቴ ይህን አልከለከለችም፤ ለምን ትከልክል?

ቅቤውን ያስታረቀችን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ይሄ ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የብዙ ሰው ግምት ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ግን ከ30,000 በላይ ሴቶች በየቀበሌው ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ከሚወለዱት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት ድርሻ በአገራችን በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ሁሉም የነሱ ሥራ ነው አልልም፤ ግን ሀቁ በየጓዳው የገባው በአብዛኛው በነሱ እግር ነው። ልጅቷ መጣች፣ ቡና ጠጣች፣ ሁለቱን አያቶች መረቀች፣ አስመረቀች። ከዚያ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አይቀመስም አለች። አያቶቹ ተያዩ። "ቅቤውስ?" አሉ። "አናቱን ቀቡት" አለች።

ቅቤው ወደ አናቱ ተዛወረ። ልጁ አሁን ያብረቀርቃል። የስድስት ወሩን ቀን ከእህቴ ይልቅ አጥብቀው የሚቆጥሩት ሁለቱ አያቶች ናቸው። የአንዷ ቅቤ ተነጥሮ በብርጭቆ ተቀምጧል። የሌላዋ ከገጠር ገና ይመጣል፤ የትኛው ይቅደም የሚለው ላይ ጭቅጭቁ ተጀምሯል።